በወሰን ወንዝ ዳር ያለችው ሐዋሳ

ከአዲስ አበባ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ፥ የዝዋይን ሐይቅና የሻሸመኔን ከተማ ካለፈ በኋላ፥ ሐዋሳ ለመግባት ጥቂት ሲቀረው ጥቁር ውሃ በሚባል ወንዝ ላይ የተሠራ ድልድይ ይሻገራል። ድልድዩ አጭር ነው፤ መንገደኛው ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ጋር ጨዋታ ይዞ እንደ ኾነ፥ ወንዝ መሻገሩን ሳያውቀው ያልፋል። የውሃው ብዛትም ዐባይን ወይም ኦሞን አይቶ ለሚያውቅ ሰው ወንዝ ለመባል የሚበቃ አይመስልም። ነገር ግን የኦሮሚያና የሲዳማ ክልሎች የሚገናኙት በዚሁ በጥቁር ውሃ አካባቢ ስለ ኾነ፥ ይህ ትንሽ ወንዝ ከስፋቱ የሚበልጥ ማዕረግ አለው። እኛም የምንኖረው ከዚህ ወሰን ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ በታቦር ክፍለ ከተማ ነውና፥ ስለ ከተማችንና ስለ ወንዟ፥ ይልቁንም ወሰን በቤተ ሰብ ኑሮ ላይ ስለሚያመጣው ነገር ጥቂት ለመጻፍ አሰብን።

ወንዝን ወሰን ማድረግ በዓለም ኹሉ የቆየ ልማድ ነው። በአሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝ የብዙ ክፍለ ግዛቶች ወሰን ኾኖ ይወርዳል፤ የዴላዌር ወንዝም ፔንሲልቫኒያን ከኒው ጀርሲ ይለያል፤ በአፍሪካ ደግሞ የኮንጎ ወንዝ ብራዛቪልንና ኪንሻሳን ፊት ለፊት አስቀምጦ ኹለት መንግሥታትን ይከፍላል። እንዲህ ባሉ ቦታዎች የተቈረቈሩ ከተሞች የሚኖሩት በሚሻገረው ነገር ነው፤ ነጋዴውም፥ ሠራተኛውም፥ አማቹም ከማዶ ይመጣል። የእኛም ከተማ ጠባይ ይኸው ነው። ማለዳ በጥቁር ውሃ በኩል የሚገባው ወተት፥ ድንችና ጎመን የብዙ ሐዋሳ ቤቶች ምሳ ይኾናል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሳሙና፥ ዘይትና የልጆች ደብተር በዚያው ድልድይ ላይ ወደ ማዶ ይሄዳል። ከአንዲቱ ሻጭ ጋር በሲዳምኛ ሰላምታ ተለዋውጣ፥ ከኹለተኛይቱ ጋር በኦሮምኛ ተከራክራ፥ ከሦስተኛይቱ ጋር በወላይትኛ ተሳስቃ፥ ገንዘቧን በአማርኛ የምትቈጥር የቤት እመቤት በገበያችን ብርቅ አይደለችም። የጋብቻ ሽማግሌም ከማዶ ወደዚህ፥ ከዚህም ወደ ማዶ ሲላክ ኖሯል።

ስለ ወንዙ አካሄድ ዘርዘር አድርገን ብንናገር አንባቢዎቻችን እንደማይሰለቹ እናምናለን፤ የከተማይቱ ዕድል ከእርሱ ጋር የታሰረ ነውና። ከሐዋሳ በስተ ምሥራቅ፥ በፍል ውሃውና በደኑ የታወቀው ወንዶ ገነት አለ። ከዚያ ተራራና ከአካባቢው የሚወርዱት ጅረቶች በቀጥታ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ አይገቡም፤ አስቀድመው ቸለለቃ በሚባለው ቦታ ይሰበሰባሉ። ቸለለቃ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት የነበረው ሐይቅ ነበረ፤ ዛሬ ግን ደለል ሞልቶት ሣርና ቄጠማ የበቀለበት ረግረግ ኾኗል፥ ከብትም ይሰማራበታል። ከዚህ ረግረግ የሚወጣው ውሃ ነው ጥቁር ውሃ ተብሎ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚወርደው። ዓመቱን ኹሉ ሳያቋርጥ ወደ ሐይቁ የሚገባ ሌላ ወንዝ የለም።

ሐይቁ ራሱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በጥልቁ ቦታ ጥልቀቱ ከ20 ሜትር ጥቂት ያልፋል። ነገሩን በቤት ምሳሌ ብንናገር፥ የሐዋሳ ሐይቅ መግቢያ በር ያለው፥ መውጫ በር የሌለው ቤት ነው። ወንዝ ይገባበታል፤ ወንዝ ግን አይወጣበትም። እንዲህ ያሉ ሐይቆች ፀሓይ ውሃቸውን እየመጠጠች ጨዉን ስለምትተውላቸው ብዙ ጊዜ ይመርራሉ፤ ጎረቤቶቻችን አብያታና ሻላ እንደዚህ ናቸው። የእኛ ሐይቅ ግን ጨው አልበዛበትም። ሊቃውንት ይህን መርምረው፥ ውሃው ከምድር በታች በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ጨዉን ይዞ ሳይወጣ አይቀርም ይላሉ። እንግዲህ በድንጋይ ስንጥቅ የሚሄደው የሟሟው ብቻ ነው። ጭቃ፥ ፕላስቲክና የተጣለ ጠርሙስ በዚያ መንገድ አይወጣም፤ አንድ ጊዜ የገባ እዚያው ይቀራል። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ከፍ ብሎ በዳሩ ያሉትን ቤቶችና እርሻዎች እስከ መድፈር ደርሶ ነበር፤ ስለዚህ በከተማይቱ በኩል መከላከያ ግድብ ተሠራለት። ዛሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር ከሚንሸራሸሩት ባልና ሚስቶች ብዙዎቹ፥ የሚረግጡት አፈር ቤታቸውን ከውሃ እንዲጠብቅ የተከመረ መኾኑን የሚያስቡት አይመስለንም።

ሐዋሳ እንደ ጎንደር ወይም እንደ ሐረር የጥንት ከተማ አይደለችም። ስፍራው አስቀድሞ አዳሬ እየተባለ ይጠራ ነበር፤ ከተማይቱ የተቈረቈረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስለዚህ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ከከተማቸው በዕድሜ ይበልጣሉ። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በመጀመሪያ ይርጋለም ነበረ፤ በ1960ዎቹ መባቻ ወደ ሐዋሳ ተዛወረ። ከተማይቱ አስቀድሞ ታስቦባት የተሠራች ስለ ኾነች ጎዳናዎቿ ቀጥ ያሉና ሰፊዎች ናቸው፤ መሬቷም ሜዳ በመኾኑ ቢስክሌት የሚነዳ ሰው አይደክምም። እንግዳ ሰው አድራሻ ሲጠይቀን፥ በሌላ ከተማ እንደሚደረገው ከዚያ ወርደህ፥ ከዚያ ወጥተህ፥ ከዚያ ታጥፈህ እያልን ግራ አናጋባውም።

ታቦር ተራራ ተብሎ ይጠራ እንጂ ኮረብታ ነው። ስሙን ያገኘው በመጽሐፍ ቅዱስ አገር ካለው ከታቦር ተራራ ነው፤ ክፍለ ከተማችንም ስሙን ከኮረብታው ወስዷል። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ሲደርስ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፥ እናቶችም ሙልሙል ይጋግራሉ። ከኮረብታው ራስ የወጣ ሰው በምዕራብ ሐይቁን፥ በሰሜንና በምሥራቅ ከተማውን፥ ከከተማውም ወዲያ የቸለለቃን ረግረግ፥ ከእርሱም በላይ የወንዶ ገነትን ተራራ ያያል። በደቡብ በኩል አላሙራ ይታያል። ከዚህ ከፍታ ላይ ኾኖ ሲመለከቱት የክልል ወሰን የት ላይ እንደሚያልፍ ዓይን አይለየውም።

ወሰኑ ግን በወረቀት ላይ አለ፤ በወረቀት ላይ ያለ ነገርም ወደ ቤት የሚገባበት ጊዜ አለ። ሐዋሳ ለረጅም ዘመን ከአምሳ የሚበልጡ ብሔረሰቦች የሚኖሩበት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ከተማይቱ ለማን ትኾናለች የሚለው ጥያቄ ዋጋ ያስከፈለ ጥያቄ ነው፤ ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በከተማይቱ ዳር በሎቄ ስለዚሁ ጉዳይ አቤቱታ ለማሰማት ከወጡት ሰዎች ብዙዎች ተገድለዋል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ የራሱን ክልል መረጠ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የሲዳማ ክልል ተመሠረተ፥ ሐዋሳም መቀመጫው ኾነች። የደቡብ ክልል መሥሪያ ቤቶች ግን እስከ 2015 ዓ.ም. በሐዋሳ ቆዩ። በዚያ ዓመት በነሐሴ የቀረው የደቡብ ክልል ለኹለት ተከፍሎ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲቆሙ፥ መሥሪያ ቤቶቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፥ ወደ አርባ ምንጭ፥ ወደ ዲላ፥ ወደ ሆሳዕና፥ ወደ ወልቂጤና ወደ ሌሎችም ከተሞች ተከፋፈሉ።

ይህ ነገር በጋዜጣ ሲነበብ አጭር ዜና ነበረ። በሰፈራችን ግን የጭነት መኪና በየደጁ የቆመበት ወር ነበረ። ጠረጴዛና መደርደሪያ ሲጫን አይተናል፤ አልጋ ሲጫን ግን ያየነው ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ራሱ ሄዶ ቤተ ሰቡን በሐዋሳ ተወ፤ ምክንያቱም ቤቱ እዚህ ነው፥ የልጆቹ ትምህርት ቤት እዚህ ነው፥ ሚስቱም የራሷ ሥራ አላት። እድሩም ማኅበሩም እዚህ ነው። ከተማዎቹ ሩቅ አይደሉም ይባላል፤ በካርታ ላይ ሲታይም እውነት ነው።

ከጎረቤቶቻችን አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ መሥሪያ ቤታቸው ሶዶ ደረሰው። ሰኞ ሳይነጋ ተነሥተው በመናኸሪያ መኪና ይሳፈራሉ። የሚያስገርመው፥ ወደ ሶዶ የሚሄደው ሰው በሻሸመኔና በአላባ የሚዞር እንደ ኾነ፥ መጀመሪያ የሚሻገረው ይህንኑ ጥቁር ውሃን ነው፤ ከሲዳማ ወጥቶ በኦሮሚያ አልፎ ነው ደቡብ ኢትዮጵያ የሚደርሰው። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጧት ደግሞ በዚያው ይመለሳሉ። ባለቤታቸው አንድ ቀን ቡና ላይ የነገሩንን እናስታውሳለን። «እርሳቸው ቅዳሜ ሲመጡ ስለ ወጪ ብናነሣ እሑድን በኵርፊያ እናሳልፋለን፤ ባናነሣ ደግሞ ሰኞ የቤቱ ነገር እንደ ተንጠለጠለ ይሄዳሉ» አሉን። ወጪው በእውነት ከብዷል፤ በሶዶ የቤት ኪራይ አለ፥ ኹለት ወጥ ቤት አለ፥ የየሳምንቱም መሳፈሪያ አለ፤ ደመወዙ ግን ያው አንድ ነው።

እኒህ እመቤት በመጨረሻ ያገኙት ዘዴ ብልኅነት ያለው ነው ብለን ስለምናምን፥ እንደ እርሳቸው ላሉት አንባቢዎች እንጽፈዋለን። የገንዘቡን ንግግር ኹሉ ወደ ኀሙስ ማታ አዛወሩት። ኀሙስ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፥ እርሳቸው በሐዋሳ ባለቤታቸውም በሶዶ ደብተር ይዘው በስልክ ይተሳሰባሉ፤ ከተኳረፉም ዓርብን ሙሉ ቀን ለመብረጃ ያገኛሉ። ቅዳሜ ለልጆቹ ነው። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ትንሹ አባቱን በደጅ ሲያይ «ዛሬ እንግዳ መጣልን» ብሎ አስቆን ነበር፤ ባልየው ግን አልሣቁም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ማለዳ ዳቦ የሚገዙት አባትየው ራሳቸው ናቸው፤ ልጁንም ይዘውት ይሄዳሉ። በበኩላችን ይህ ትንሽ ነገር ነው አንልም። አባት በቤቱ እንግዳ እንዳይኾን የሚያደርገው በቤቱ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ገንዘብ መላክ ብቻውን እንደማይበቃ ከአንድ በሚበልጥ ቤት አይተነዋል። ደግሞም አንዳንድ ሴቶች ባሎቻቸው ስለ ራቁ ያዘኑትን ያህል፥ የቤቱን ውሳኔ ኹሉ ብቻቸውን ማድረግ እንደ ለመዱ፥ ባልየው ሲመጣም ሥልጣኑን መልሶ ማካፈል እንዳስቸገራቸው ደፍረው የሚናገሩ አሉ። ይህም ሊሸሸግ የሚገባው ነገር አይመስለንም።

ሰው ከሐዋሳ የወጣውን ያህል ወደ ሐዋሳ የገባም አለ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ልብስ ለመስፋት በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶች፥ አብዛኞቹ ሴቶች፥ ከሲዳማ ገጠር፥ ከወላይታና ከሌሎችም አውራጃዎች መጡ። ሥራ ሲሰጣቸው ቤት ግን አልጠበቃቸውም፤ ስለዚህ በየግቢው ጓሮ የተቀጠለው ክፍል ኹሉ ተከራየ። አራት ልጆች በአንድ ክፍል፥ ኹለቱ የቀን ኹለቱ የማታ ተረኛ ኾነው፥ አንዱን ፍራሽ እየተለዋወጡ ሲኖሩ በዓይናችን አይተናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፥ የጀማሪዋ ሠራተኛ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል መኾኑን ጽፎ ነበር። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ ሲነሣ የሚቀረውን የቤት እመቤት ታውቀዋለች። ደመወዝ የተጨመረ ጊዜ በማግስቱ ኪራይ የጨመሩ አከራዮች ነበሩ፤ ይህን ያደረጉት ችግረኞች አልነበሩም። በአንጻሩ ደግሞ የግቢዋን መብራት ሌሊቱን ሳታጠፋ ተረኞቹን የምትጠብቅ፥ ከገጠር ቆጮ ሲመጣላቸው በራሷ ምጣድ የምትጋግርላቸው አከራይ እናውቃለን፤ ልጆቹ «እማዬ» ይሏታል።

በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ልብሷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የምታስገባበት መብት፥ አጎአ የሚባለው፥ ሲቋረጥ፥ አንድ ታላቅ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ፥ ሌሎችም ሥራቸውን ቀነሱ። በዋሽንግተን የተወሰነው ነገር በታቦር ጓሮ ክፍሎች በአንድ ወር ውስጥ ታወቀ። አንዳንዶቹ ልጆች ወደ አገራቸው ተመለሱ። አንዳንዶቹ ቀርተው በጎዳና ዳር የተጠበሰ ድንችና ዓሣ ይሸጣሉ፤ ከእነርሱም አንዷ ዛሬ የራሷን ሱቅ ከፍታለች።

ዓሣን ካነሣን ስለ አሞራ ገደል ሳንናገር አናልፍም። በሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ በዚህ ስም ይጠራል። ጀልባዎቹ ማለዳ ይገባሉ፤ ልጆች በሚያስደንቅ ፍጥነት ዓሣውን ይገፋሉ፥ አንጀቱንም ይጥላሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ራሰ በራ ወፎች፥ ጥቁር ካባ ደርበው ለችሎት የተሰበሰቡ ዳኞች መስለው፥ የሚጣለውን ይጠብቃሉ። በዛፎቹ ላይ ጦጣና ጉሬዛ አለ፤ ዳቦ የያዘ ልጅ ከጦጣው መጠንቀቅ አለበት። የሚያዘው ዓሣ አብዛኛው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛም አለ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች ጥሬውን በአዋዜ ሲበሉት እናያለን፤ እኛ ግን ለልጆች ዓሣ አብስሎ መስጠት ይሻላል የምንል ነን። ቆሮሶን በሽንኩርት፥ በቲማቲምና በቃሪያ ቀለል ያለ ወጥ አድርጎ መሥራት፥ አጥንቱንና ራሱን ደግሞ ለሾርባ ማስቀመጥ፥ ለብዙ ቤተ ሰብ የሚበቃ ርካሽ ምግብ ነው።

ይሁን እንጂ ከድሮ ጀምሮ በሐይቁ ያጠመዱ ሽማግሌዎች፥ ዓሣው እያነሰ መሄዱን ይነግሩናል። አንዱ ምክንያት የመረቡ ዓይን መጥበቡ ነው፤ ዓይኑ የጠበበ መረብ ገና ያልወለደውን ዓሣ ይይዛል። የቆሮሶ እናት ዕንቍላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል፥ ጫጩቶቿም ሲፈሩ መልሳ በአፏ የምትሸሽጋቸው ናት። ይህን የምታደርገው በዳርቻው፥ ቄጠማ በበዛበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። ዳርቻው ለእርሻ ሲታረስ፥ ለመዝናኛ ሲጸዳ፥ መኪናና ባጃጅ ሲታጠብበት፥ የእርሷ ጓዳ ተደፈረ ማለት ነው። ገበያ የምትሄድ እመቤት ከመዳፏ የማይበልጠውን ዓሣ ርካሽ ነው ብላ ባትገዛ፥ አጥማጁም ቢኾን ሰፊ መረብ ለመግዛት ምክንያት ያገኝ ነበር።

ስለ ጭቃው ግን የቤት እመቤት ብቻዋን ልታደርገው የምትችለው የለም። ጭቃው የሚመጣው ከላይ ነው። የወንዶ ገነትና የአካባቢው ተራሮች ደናቸው በተመነጠረ ቍጥር፥ አፈሩ በጅረቶቹ ወደ ቸለለቃ ይወርዳል፤ ቸለለቃ ሐይቅ ሳለ ደለሉን ያስቀርልን ነበረ፥ ዛሬ ግን እርሱ ራሱ ሞልቷል። ተራሮቹ፥ ረግረጉና ሐይቁም ቢኾን ከኹለቱ ክልሎች የአንዱ ብቻ አይደሉም። በሐዋሳ በኩል ዳርቻውን ብናጸዳ፥ በማዶ በኩል ገበሬው ካልከተረ ሐይቁ መሙላቱን አያቆምም፤ ማዶው ቢከትርና እኛ የከተማውን ቆሻሻ በቦይ ብንለቅበትም ያው ነው።

የሲዳማ ሕዝብ በዚህ ነገር ላይ ከጥንት ጀምሮ የያዘው ሥርዓት አለው። የዘመን መለወጫው ፍቼ ጨምበላላ፥ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባው፥ አያንቶ የሚባሉት ሽማግሌዎች ከዋክብትንና ጨረቃን ተመልክተው ቀኑን ከወሰኑ በኋላ ይከበራል። በሐዋሳ በሐይቁ አጠገብ ባለው በጉዱማሌ ሜዳ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ማየት ያስደስታል። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ወደ በዓሉ አይገባም። በጨምበላላ ቀን ዛፍ አይቈረጥም፥ ከብት አይታረድም፤ ከብቱ ለምለም ሣር ወዳለበት ይሰማራል። ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ፥ ቆጮ በቅቤ የራሰበት ቡርሳሜ ከወተት ጋር ይሰጣቸዋል። በሰፈራችን ለቡሄ ሙልሙል የተቀበሉት ልጆች ለጨምበላላም ቡርሳሜ ሲበሉ እናያለን፤ የእገሌ ልጅ ነህ፥ ያንተ በዓል አይደለም የሚል እናት አላጋጠመንም።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ባደረበት በአንድ ቅዳሜ፥ ከነዚሁ ጎረቤቶቻችን ጋር ከሰዓት በኋላ ወደ ታቦር ራስ ወጣን። ሰማዩ ተገልጦ ነበር። በሰሜን በኩል ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት ቦታ ጀምሮ፥ ቡና የመሰለ ውሃ በሰማያዊው ውስጥ እንደ ምላስ ተዘርግቶ ታየን። የሒሳብ ሠራተኛው በዚያው ጧት ከሶዶ ሲመለሱ ድልድዩ ላይ ቆመው እንደ ነበረ፥ ጎርፉም መንገዱን ሊዘጋ ጥቂት እንደ ቀረው፥ ከወዲህም ከወዲያም የመጡ ሰዎች አካፋ ይዘው አንድ ላይ ቦዩን ሲከፍቱ እንዳዩ ነገሩን። ትንሹ ልጃቸው ይህን ኹሉ ጸጥ ብሎ ሰማ። ከዚያም ዝናቡ ዛሬ ሌሊት ደግሞ ቢዘንብ፥ ድልድዩ ለሰኞ ይዘጋ እንደ ኾነ አባቱን ጠየቀ።